«እጥፋት»ና ተጓዳኞቹ፦ ስለ ተራራ አፈጣጠር ቃላት

የዐለት ንብርብሮች ከጎን ተገፍተው ሲጎብጡ የሚይዙትን ቅርጽ በአማርኛ ለመሰየም «ጭምድድ»፣ «እጥፍ»ና «እጥፋት» የሚሉት ቃላት ይታሰባሉ። ሦስቱን እንደ አቻ መቁጠር ግን አይገባም እንላለን።

«ጭምድድ» ለዓይን ሥዕል ይሰጣል። ዳሩ ግን የሚጨማደደው ውስጡ የሟሸሸ ነገር ነው፤ የሽማግሌ ፊት፣ የደረቀ ፍሬ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ኤድዋርድ ዙስን የመሰሉ ሊቃውንት ስለ ተራሮች ያስረዱ የነበረው በዚሁ አምሳል ነው፤ ምድር ቀዝቅዛ ስትኮማተር ቅርፊቷ ይሸበሸባል ይሉ ነበር። ይህ አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ተትቷል። ሂማላያ ያደገው ምድር ስለ ሟሸሸች አይደለም፤ የሕንድ ምድር ከ50 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከእስያ ጋር ተጋጥሞ እስከ ዛሬ ስለሚገፋ ነው። የተሻረ ሐሳብ በቃል ተሸሽጎ ወደ መማሪያ መጽሐፍ ሊገባ አይገባውም።

«እጥፍ» ቁጥርን ይጠራል፤ «እጥፍ ተራራ» የሚል ሰው ከፍታውን በሁለት ያባዛ ይመስላል። እኛ የምንመርጠው «እጥፋት»ን ነው። ጋቢም ክንድም ይታጠፋልና፣ ስለታሙንም ለዘብ ያለውንም መጉበጥ ይይዛል።

ከዚህ የሚከብደው ስሕተት ሽቅብ የጎበጠውን ንብርብር «ጉብታ»፣ ቁልቁል የጎበጠውን «ሸለቆ» ማለት ነው። እነዚህ የመሬት ገጽ ስሞች ናቸው፤ እጥፋት ግን የንብርብሩ ቅርጽ ነው። በስዊስና በፈረንሳይ ወሰን ባሉት የዡራ ተራሮች ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይገጥማሉ፤ ሆኖም እዚያው የአንዳንዱ ሽቅብ እጥፋት አናት ተሸርሽሮ ሸለቆ ሆኗል። በዌልስ ደግሞ የስኖውደን ጫፍ ያለው ቁልቁል በታጠፈ ንብርብር ላይ ነው። ስለዚህ «ሽቅብ እጥፋት»፣ «ቁልቁል እጥፋት» ማለት ይበቃል።

ቃሉ ካለ ስፍራው እንዳይገባም እንጠንቀቅ። የስሜን ተራሮችን ገደል የሚያይ የደባርቅ ተማሪ ድርብርቡን ዐለት እጥፋት ነው ቢል አይፈረድበትም። እነዚያ ግን ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየፈሰሰ የተነጠፈ ባዛልት ናቸው፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ የቆመው በመታጠፍ አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ «ክምር ተራራ» ለማለት አስበን ነበር፤ ነገር ግን «ክምር» ገበሬውን አውድማ ያስታውሰዋልና ገና አልቆረጥንም።