ስሙ ያልታተመው የዳክዬ ሠዓሊ፦ የካርል ባርክስ ሥራና አመለካከት

ካርል ባርክስ ከ1942 እስከ 1966 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዶናልድ ዳክንና የአጎቱን የስክሩጅ ማክዳክን ታሪኮች ለልጆች ኮሚክ መጽሔቶች ሲጽፍና ሲሥል የኖረ አሜሪካዊ ነው። በዚህ ዘመን ከ6,000 በላይ ገጾች ሠርቷል። መጽሔቶቹ የሚወጡት ግን በዋልት ዲዝኒ ስም ብቻ ስለነበር አንባቢው ሠዓሊው ማን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። ልብ ብለው የሚያዩ ልጆች የእሱን እጅ ከሌሎቹ ለይተው «ጎበዙ የዳክዬ ሠዓሊ» ይሉት ነበር፤ ከዚያ ያለፈ መጠሪያ አልነበራቸውም። ይህ ስም አልባነት ብዙ ጊዜ እንደ በደል ብቻ ይታያል። በገንዘብ በኩል በደል መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ባርክስ ስለ ሀብት፣ ስለ ስግብግብነትና ስለ ሰው ልጅ ሞኝነት በልጆች መጽሔት ውስጥ ያን ያህል ደፍሮ ሊናገር የቻለው ከታዋቂነትም ከአለቆችም ርቆ፣ ብቻውን ስለሠራ ጭምር ነው።

የተወለደው ማርች 27 ቀን 1901 በኦሪገን ግዛት፣ ሜሪል በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። እናቱን በ1916 አጣ፤ ትምህርቱም ከገጠሩ ትምህርት ቤት አልዘለለም። የሁለተኛ ደረጃው ሩቅ ነበር፣ ጆሮውም ከጉርምስናው ጀምሮ እየደከመ ሄዶ መምህር ማዳመጥ አስቸግሮታል። ከዚያ በኋላ ያልሞከረው ሥራ የለም ማለት ይቻላል፤ አርሷል፣ እንጨት ቆርጧል፣ በቅሎ ነድቷል፣ ከብት ጠብቋል፣ በማተሚያ ቤትና በባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ ሠርቷል። አብረውት የሚውሉት ሠራተኞች ኑሯቸው እጅግ ከባድ ሆኖ ሳለ ቀልድ አያልቅባቸውም ነበር፤ ባርክስም ቀልድን የተማርኩት ከእነሱ ነው ይል ነበር። የዚህ ዘመን አሻራ በታሪኮቹ ላይ በግልጽ ይታያል። ዶናልድ ዳክ በአንድ ወር ዝናብ አዝናቢ፣ በሌላው ቤት አፍራሽ፣ በሌላው መስታወት ገጣሚ ሆኖ ይቀጠራል። በሥራው ተክኖ ሰው ሁሉ ሲያደንቀው ይቆይና በመጨረሻው ገጽ በትዕቢቱ ወይም በንዴቱ ሁሉንም ያበላሸዋል።

ሥዕል እንጀራው የሆነለት ሚኒያፖሊስ ውስጥ ለሚታተም «ካልጋሪ አይ ኦፕነር» ለተባለ መጽሔት ነው። መጽሔቱ የአዋቂ ወንዶች ባለጌ ቀልዶች የሚወጡበት ነበር፤ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ የልጆች ኮሚክ ሠዓሊ እጁን ያፍታታው እዚያ መሆኑ ራሱ ቀልድ ይመስላል። በኖቬምበር 1935፣ በ34 ዓመቱ፣ በሳምንት 20 ዶላር እየተከፈለው ዲዝኒ ስቱዲዮ ገባ። መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ በሁለት ዋና ዋና ሥዕሎች መካከል ያሉትን የእንቅስቃሴ ሥዕሎች መሙላት ነበር፤ አድካሚና ፈጠራ የማይጠይቅ ሥራ ነው። በ1937 ለአንድ የዶናልድ ፊልም ያቀረበው ሐሳብ፣ ደንበኛውን ገልብጦ ከራሱ ይልቅ መቀመጫውን የሚላጨው የፀጉር ቤት ማሽን፣ ተቀባይነት አግኝቶ ወደ ታሪክ ክፍል ተዛወረ።

በታሪክ ክፍል ሁሉም ነገር በስብሰባ ይወሰን ነበር። አንድ ቀልድ ከፊልሙ ከመድረሱ በፊት በብዙ ሰው እጅ ያልፋል። ብቻውን መሥራት ለሚወድ፣ በዚያ ላይ ጆሮው ለሚደክም ሰው ይህ አሠራር አልተመቸም። በ1942 ከባልደረባው ከጃክ ሃና ጋር ተካፍሎ የሣለው የዶናልድ የወንበዴዎች ወርቅ ፍለጋ ታሪክ ለኮሚክ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው ሆነ፤ መነሻውም ሳይሠራ የቀረ ፊልም ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ስቱዲዮውን ለቀቀ። የአየር ማቀዝቀዣው የሳይነስ ሕመሙን አባብሶበት ነበር፤ ስቱዲዮው በጦርነቱ ምክንያት ወደ ወታደራዊ ፊልሞች ማዘንበሉም አላስደሰተውም። ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ገጠር ሄዶ ዶሮ ሊያረባ አሰበ፤ እንደ መደጎሚያም ከአሳታሚው ከዌስተርን ፐብሊሺንግ ሥራ ጠየቀ።

መደጎሚያ የተባለው ሥራ ሕይወቱ ሆነ። አሳታሚው መጀመሪያ ሌላ ሰው የጻፈውን ታሪክ ልኮለት ነበር። ባርክስ አርሞና አሻሽሎ ሣለው፤ ታሪኩ በኤፕሪል 1943 ወጣ። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ታሪኩንም ሥዕሉንም ራሱ ይሠራ ጀመር። በየወሩ አሥር ገጽ ያለው አጭር ታሪክ ማድረስ ነበረበት፤ ከዚያ በተጨማሪ ረጃጅም የጀብዱ ታሪኮችም ነበሩ። አንድ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ረድፍ የተደረደሩ ስምንት ክፈፎች ይይዛል። መጀመሪያ ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩትን ቃል በቃል ይጽፋል፤ ቀጥሎ በእርሳስ ይነድፋል፤ በመጨረሻ በብዕርና በቀለም ያጠናቅቃል። በ1954 ያገባት ሠዓሊዋ ጋሬ ባርክስ የፊደሉን ጽሑፍ ትጽፍለት፣ ጥቁር የሚሞላውን ቦታና የኋላ ገጽታውን ታግዘው ነበር። ያለቀውን ሥራ በፖስታ ይልካል፤ ቼኩ በፖስታ ይመጣል።

ክፍያው በገጽ ነው። ሲጀምር ለአንድ ገጽ ሥዕል 12.50 ዶላር ያገኝ ነበር፤ በኋላ ጨመር ቢልም ከሽያጩ ድርሻ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወርኃዊው መጽሔት ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይሸጥ እንደነበር ሲታሰብ ነገሩ ይከብዳል። ስክሩጅ ማክዳክን የፈጠረው በ1947 ነው፤ የዕድል ልጅ የሆነውን ግላድስቶንን በ1948፣ ወንበዴዎቹን ቢግል ቦይስን በ1951፣ ፈልሳፊውን ጋይሮን በ1952 ጨመረ። ስክሩጅ የራሱ መጽሔት ሲወጣለት እንኳ ከመጽሔቱ ለፈጣሪው የደረሰው የገጽ ክፍያ ብቻ ነው። ባርክስ ኩባንያውን አልከሰሰም። ዳክዬዎቹ ከመጀመሪያውም የዲዝኒ መሆናቸውን አውቄ የገባሁበት ሥራ ነው የሚል አቋም ነበረው። ይህ አቋም ከልብ የመነጨ ነበር ወይስ ሌላ አማራጭ ያጣ ሰው መጽናኛ ለሚለው ጥያቄ ሁለቱም መልሶች የሚያስኬዱ ይመስላሉ።

አርታኢዎቹ ግን ፈጽሞ አልተኙም። በ1952 የሠራው የጠንቋይ ታሪክ ብዙ ገጽ ተቆርጦበታል። በ1953 ስክሩጅ ወርቅ ፍለጋ ወደነበረበት ወደ ክሎንዳይክ በሚመለስበት ታሪክ ውስጥ የነበረው የመጠጥ ቤት ድብድብ ለልጆች አይሆንም ተብሎ ወጣ። በ1957 የሠራው የወተት አከፋፋይ ታሪክ ባለጋራው ከልክ ያለፈ ክፉ ነው ተብሎ በጊዜው ሳይታተም ቀረ። የተከለከሉት ነገሮች ሲታዩ ሳንሱሩ የሚያሳድደው ዱላንና ጭካኔን እንደነበር ይገባል። አንድ ታሪክ ስለ ዓለም የሚለውን ነገር የሚመረምር ሰው አልነበረም። ባርክስ ያመለጠው በዚህ ቀዳዳ ነው።

ስለ ልጆች የነበረው አመለካከት ቀላል ነው፤ ዝቅ ብሎ አይጽፍላቸውም። ኋላ በሰጣቸው ቃለ መጠይቆች ደጋግሞ የተናገረው፣ መጥፎዎቹ ሰዎች ጥቂት ደግነት፣ ጥሩዎቹም ብዙ ክፋት እንዳለባቸው ለልጆቹ ሳይደብቅ ማሳየቱን ነው። በ1949 የወጣው የአንዲስ ተራሮች ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው። ዶናልድና ሦስቱ የእህቱ ልጆች አራት ማዕዘን እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎችን ፍለጋ ፔሩ ይሄዳሉ። በጉም የተሸፈነ ሸለቆ ያገኛሉ፤ ቤቱም ሰዉም ዶሮውም ካሬ ነው። ነዋሪዎቹ እንግዳ ወዳድ ናቸው፤ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ቀድሞ ከመጣ አንድ ፕሮፌሰር የተማሩት የአሜሪካ ደቡብ ዘዬ ነው። በዚያ አገር ትልቁ ወንጀል ክብ ነገር መሥራት ሲሆን ልጆቹ ማስቲካ ሲነፉ ይያዛሉ። እንደምንም ካሬ አረፋ ነፍተው ያመልጣሉ፤ ይዘዋቸው የተመለሱት ሁለት ዶሮዎች ግን ሁለቱም አውራ ናቸው። ሕግ ከልማድ እንደሚወለድና ልፋት ሁሉ ፍሬ እንደማያፈራ፣ አንድም የስብከት ቃል ሳይኖር በ32 ገጽ ውስጥ ተነግሯል።

የተራሮቹንና የድንጋይ ግንቦቹን ሥዕል ያገኘው ከናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ነው። ዓለምን በመጽሔት ያየ ሰው ሆኖ ሳለ ሥዕሎቹ የሚታመኑ ናቸው። ፈጠራውም አንዳንዴ ከእውነት ይቀድም ነበር። በ1949 ዳክዬዎቹ የሰመጠች መርከብን በፒንግ ፖንግ ኳሶች ሞልተው ያንሳፍፋሉ፤ በ1964 ካርል ክሮየር የተባለ ዴንማርካዊ በኩዌት ወደብ የሰመጠች በግ ጫኝ መርከብ ውስጥ የፕላስቲክ ኳሶች ነፍቶ አንሥቷታል።

በባርክስ አመለካከት ላይ ያለው ክርክር የሚጋጋለው ስለ ገንዘብ ሲነሳ ነው። በ1951 በወጣ አሥር ገጽ ታሪክ ውስጥ የስክሩጅ የገንዘብ ጎተራ በአውሎ ነፋስ ይነጠቅና ብሩ በአገሩ ሁሉ ይበተናል። ሰው ሁሉ ሚሊየነር ሆኖ ሥራውን ይተዋል፤ አገር ለማየት የሚወጣው ዶናልድ ነዳጅ የሚቀዳለትም ምግብ የሚያቀርብለትም ያጣል። ስክሩጅ ግን ከሦስቱ ልጆች ጋር ጎመኑን እያረመ፣ ዶሮዎቹን እየመገበ ይቆያል። የራበው ሕዝብ ወደ እርሻው ሲጎርፍ የአንድ እንቁላል ዋጋ አንድ ሚሊዮን ዶላር ነው። ብሩ ሁሉ ተመልሶ ጎተራው ውስጥ ይገባል። ሀብት ለሚሠራ ሰው ይገባዋል የሚል ወግ አጥባቂ ትምህርት እዚህ ማንበብ አይከብድም።

በ1954 የወጣው የትራላ ላ ታሪክ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጎትታል። ስክሩጅ ለማኝና ግብር ሰብሳቢ አላስቀምጥ ብሎት ነርቩ ይታመማል፤ ገንዘብ የማይታወቅበት የሂማላያ ሸለቆ ሄዶ ሊያርፍ ይወስናል። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ሲከፍት የጣለውን ቆርኪ አንድ ገበሬ ያገኛል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቆርኪ ሀብት ይሆናል፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላበታል። ስክሩጅ የሰዉን ስግብግብነት ለማጥገብ አንድ ቢሊዮን ቆርኪ በአውሮፕላን ያስመጣል፤ የቆርኪው ዝናብ እርሻውን ሲቀብረው ሕዝቡ ይነሣበታል። እንግዲህ ባለጸጋው በሽተኛ ነው፣ ገነት የተባለውም አገር ከእሱ አይሻልም። ሁለቱ ታሪኮች አንድ ላይ ሲነበቡ የባርክስ አቋም የአንድ ሥርዓት ጥብቅና ከመሆን ይልቅ በሰው ልጅ ላይ ያለ ጥርጣሬ ሆኖ ይገኛል።

በ1971 አርየል ዶርፍማንና አርማንድ ማትላር ቺሊ ውስጥ ያሳተሙት «ዶናልድ ዳክን እንዴት እናነባለን» የተባለው መጽሐፍ ግን እንዲህ አላየውም። ለእነሱ የዳክዬዎቹ ዓለም የኢምፔሪያሊዝም ማስተማሪያ ነው፤ ሩቅ አገሮች የሚታዩት ወርቃቸውን ለእንግዳ በሚያስረክቡ የዋህ ሕዝቦች መኖሪያነት ብቻ ነው። የተመለከቱት የኩባንያውን ድምፅ እንጂ የአንድን ሠዓሊ እጅ ስላልነበረ ብዙ ነገር አምልጧቸዋል። ክሳቸው ግን ባዶ አይደለም፤ ማስረጃውም በ1949 የወጣው የቩዱ ታሪክ ነው። እዚያ ያሉት አፍሪካውያን ዛሬ ማንም አፍሪካዊ አንባቢ ሳይቆጣ የማያያቸው፣ በዘመኑ የዘረኝነት አሣሣል የተበላሹ ምስሎች ናቸው፤ በኋላ በታተሙት እትሞች መስተካከላቸውም ለዚህ ነው። የታሪኩ እምብርት ግን ስክሩጅ ከ70 ዓመት በፊት ወሮበሎች ቀጥሮ አንድን የአፍሪካ ጎሣ ከመሬቱ ማፈናቀሉ፣ የተረገመውም በዚህ ግፍ የተነሣ መሆኑ ነው። ባርክስ በኋላ ሲጠየቅ ስክሩጅ ሀብቱን ያፈራው ዓለም ሳትጨናነቅ፣ ማንንም ሳይዘርፍ እንደሆነ አድርጌ ለማሳየት ጥሬያለሁ ብሏል። የገዛ ታሪኩ ይህን ያስተባብላል። ሥዕሉ አፍሪካዊውን ያዋርዳል፣ ትረካው ደግሞ የበደሉን ባለቤት ይጠቁማል፤ ሁለቱም የአንድ እጅ ሥራ ናቸው።

የመጀመሪያው የአድናቂ ደብዳቤ የደረሰው በ1960 ነው። ጡረታ ሊወጣ ስድስት ዓመት ሲቀረው መሆኑ ነው። ባርክስ አንድ የድሮ ባልደረባው የሚቀልድበት መስሎት ነበር። በ1966 ብዕሩን ሲያስቀምጥ ስሙ በጥቂት ወዳጆች ዘንድ ብቻ ይታወቅ ነበር። በ1971 ከዲዝኒ ፈቃድ አግኝቶ የድሮ ታሪኮቹን ትዕይንቶች በዘይት ቀለም ይሥል ጀመር፤ ፈቃዱ በ1976 ተነሥቶ በኋላ እንደገና ሲሰጥ በጥቂት መቶ ዶላር የጀመሩት ሥዕሎች በጨረታ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ማውጣት ያዙ። ዕድሜ ልኩን በገጽ ሲከፈለው የኖረው ሰው ሀብት ያየው በእርጅናው ነው።

በ1994 በ93 ዓመቱ አውሮፓን ሲጎበኝ በየአገሩ ብዙ አንባቢ ተቀበለው፤ በፊንላንድ፣ በጣሊያንና በስካንዲኔቪያ አገሮች ዳክዬዎቹ ከአሜሪካ ይበልጥ ይነበቡ ነበር። በዚያው ሰሞን አሜሪካዊው ዶን ሮዛ በባርክስ ታሪኮች ውስጥ የተበተኑትን ፍንጮች ለቅሞ የስክሩጅን ሙሉ የሕይወት ታሪክ አውጥቶ ነበር። ባርክስ ራሱ ግን እንዲህ ያለውን ቅደም ተከተል ተጨንቆበት አያውቅም፤ እያንዳንዱ ታሪክ ለብቻው ይቆማል፣ ካለፈው ወር ጋር ቢጋጭም ግድ የለም የሚል ሰው ነበር። ያረፈው ኦገስት 25 ቀን 2000 በኦሪገን ግዛት ግራንትስ ፓስ ከተማ፣ በ99 ዓመቱ ነው።