የወንጀል ሕግ ቃላት በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ መካከል፦ ስለ አቻ ቃል አሰጣጥ የቀረበ ትችት

በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ መካከል የተዘጋጁ ብዙዎቹ አጠቃላይ መዛግብተ ቃላት የወንጀል ሕግ ቃላትን የሚያቀርቡት ቃልን ከቃል ትይዩ በማኖር ነው፤ «ክራይም» ከ«ክሪም»፣ «መርደር» ከ«መርትር»፣ «ማጂስትሬት» ከ«ማጂስትራ» ጎን ይሰለፋሉ። ይህ አሰላለፍ ለዕለት ንባብ ይበቃ ይሆናል። ለሕግ ጽሑፍ ግን አለመብቃቱ ብቻ ሳይሆን ማሳሳቱንም በምሳሌ ለማሳየት እንሞክራለን።

ጉዳዩ የባዕዳን ጉዳይ ብቻ እንዳይደለ አስቀድመን ማስታወስ ይገባናል። በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን በስዊሱ የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ ነው። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የእንግሊዝ የሕግ ባህል ተጽዕኖ ጎልቶ ይታያል። ስለሆነም የአማርኛ የወንጀል ቃላት ከሁለቱም ወገን የመጣ ጽንሰ ሐሳብ ይሸከማሉ፤ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የተፈጠረ ስሕተትም ወደ እኛ መዝገበ ቃላት መዝለቁ አይቀርም።

ከመሠረታዊው ቃል እንጀምር። በፈረንሳይ ሕግ ለማናቸውም የሚያስቀጣ ድርጊት የሚሆነው ጠቅላላ ስም «ኢንፍራክሲዮን» ነው። ይህም እንደ ክብደቱ «ክሪም»፣ «ዴሊ» እና «ኮንትራቫንሲዮን» ተብሎ በሦስት ይከፈላል። «ክሪም» የሚባለው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ እስከ ዕድሜ ልክ የሚደርስ ጽኑ ቅጣት ሊያስከትል የሚችለው ብቻ ነው፤ የ«ዴሊ» እስራት በመደበኛው ከ10 ዓመት አያልፍም። እንግሊዝ በበኩሏ ከባድና ቀላል ወንጀልን ትለይበት የነበረውን ጥንታዊ ክፍፍል በ1967 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ሽራለች፤ ዛሬ «ክራይም» ትንሹንም ትልቁንም ያጠቃልላል። እንግዲህ «ክራይም»ን ሁልጊዜ «ክሪም» እያለ የሚመልስ ተርጓሚ ከገበያ ዕቃ የሰረቀውን ሰው ሳያውቀው ከነፍሰ ገዳይ ጋር በአንድ መደብ ያስቀምጠዋል። የመደቡ ለውጥ የቃል ለውጥ ብቻ አይደለም፤ ጉዳዩን የሚያየውን ፍርድ ቤትና የክስ ማቅረቢያውን የይርጋ ዘመን ይለውጣል። አማርኛችን በዚህ ረገድ «ወንጀል» እና «ደንብ መተላለፍ» የሚል ሁለትዮሽ ክፍፍል ስላለው «ኮንትራቫንሲዮን»ን ያለ ጭንቅ ይቀበላል። «ክሪም»ን ከ«ዴሊ» የሚለይበት አንድ ቃል ግን የለውም፤ ስለዚህ ቅጽል መጨመር ግድ ይሆናል።

የሰውን ሕይወት በማጥፋት ረገድ የሚታየው ልዩነት ከዚህም የጠለቀ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ለመግደል ያሰበ ብቻ ሳይሆን ከባድ የአካል ጉዳት ለማድረስ አስቦ የገደለም በ«መርደር» ጥፋተኛ ይሆናል፤ የሚወሰንበትም ቅጣት ያለ አማራጭ የዕድሜ ልክ እስራት ነው። በፈረንሳይ ሕግ «መርትር» የሚባለው ግን የመግደል ሐሳብ ሲኖር ብቻ ሲሆን፣ መደበኛ ቅጣቱ እስከ 30 ዓመት ይደርሳል። አድራጊው ለመጉዳት እንጂ ለመግደል ካላሰበ ድርጊቱ ሞትን ያስከተለ የኃይል ተግባር የሚል ሌላ ስያሜ አለው፤ መደበኛ ቅጣቱም እስከ 15 ዓመት ነው። አስቀድሞ ታቅዶ የተፈጸመው ግድያ «አሳሲና» ይባላል፤ ይህም ቃል በእንግሊዝኛ የሚመስለው ቃል እንደሚያመለክተው በታወቀ ሰው ላይ የሚፈጸምን ግድያ ብቻ አይመለከትም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግረው «ማንስሎተር» ነው። ብዙውን ጊዜ «ኦሚሲድ ኢንቮሎንቴር»፣ ማለትም ያለ ሐሳብ የተፈጸመ ግድያ፣ ተብሎ ይመለሳል። ይሁን እንጂ የእንግሊዝኛው ቃል በከባድ ቸልተኝነት የገደለውን ብቻ ሳይሆን፣ አስቦ ገድሎ ሳለ ራሱን መቈጣጠር በማጣቱ ወይም በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ኃላፊነቱ የቀለለትንም ይጨምራል። ያሰበን ሰው «ያላሰበ» ብሎ መተርጐም የቃሉን ፍች መገልበጥ ነው። በቅጣት በኩልም የፈረንሳዩ «ኦሚሲድ ኢንቮሎንቴር» በመደበኛው እስከ 3 ዓመት እስራት ሲያስከትል፣ በካናዳ የወንጀል ሕግ «ማንስሎተር» እስከ ዕድሜ ልክ ያስቀጣል። የካናዳው የፈረንሳይኛ ጽሑፍ በስያሜው ላይ «ኩፓብል»፣ ማለትም ጥፋተኝነት ያለበት፣ የሚል ቅጽል ይጨምራል። የፓሪስ አንባቢ ይህን ትንሽ ቅጽል ቸል ካለ የዕድሜ ልክን ጉዳይ የሦስት ዓመት ጉዳይ አድርጎ ያነበዋል።

ቃሉ ወደ አማርኛ ሲመጣም ያው ችግር ይከተለዋል። አንዳንድ ተርጓሚዎች «በቸልተኝነት ሰውን መግደል» ይሉታል። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ መሠረት ግን በቸልተኝነት መግደል በአንቀጽ 543 የሚታይ ሲሆን፣ በከባድ ማነሣሣት ወይም በብርቱ የስሜት መናወጥ መግደል በአንቀጽ 541 ተደንግጓል። አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ለሁለት የአማርኛ አንቀጾች ይከፈላል ማለት ነው። በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ ችሎት በአስተርጓሚ ለሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ ተከሳሽ ይህ የቃላት ክርክር አይደለም፤ «አላሰብኩም» ብሎ በመካድና «አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ራሴን ስቼ ነበር» ብሎ በማመን መካከል ያለ ልዩነት ነው።

በንብረት ላይ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች ባጭሩ እንለፍ። የእንግሊዝ የ1968 እ.ኤ.አ. የስርቆት ሕግ ባለቤቱን ንብረቱን ለዘለቄታው የማሳጣት ሐሳብ እንዲኖር ይጠይቃል፤ የፈረንሳይ ሕግ ለ«ቮል» የሰጠው ፍች ይህን በቃል አይጠይቅም። «አቢዩ ደ ኮንፊያንስ» የሚባለው ወንጀል ደግሞ በ1949 ዓ.ም. ሕጋችን እንግሊዝኛ ቅጂ በአደራ ንብረት አስተዳዳሪ ላይ የሚነሣን የፍትሐ ብሔር ጥፋት በሚያስታውስ ስም ተመልሷል። የእንግሊዝ ባሕል ጠበቃ ስሙን ብቻ አይቶ ወደ ሌላ የሕግ ክፍል ሊሄድ ይችላል። «እምነት ማጉደል» የሚለው አማርኛ ግን በአደራ የተቀበሉትን ለራስ ማድረግን በቀጥታ ስለሚያስታውስ፣ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለፈረንሳይኛው ጽንሰ ሐሳብ የቀረበ ሆኖ አግኝተነዋል። አማርኛን በእንግሊዝኛው መስፈርት ብቻ የሚያርሙ ሰዎች ይህን ቢያጤኑት መልካም ነው።

የሰዎችና የሥርዓት ስሞችም ከዚህ አያመልጡም። የፈረንሳዩ «ማጂስትራ» ዳኛንም ዐቃቤ ሕግንም ይጨምራል፤ የእንግሊዙ «ማጂስትሬት» በአብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚያገለግል፣ የሕግ ሙያ የማይጠየቅ ሰው ነው። «ኮሲዮን» በፈረንሳይኛ ዋስትና ሲሆን፣ በመልክ አንድ የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል የፖሊስ ማስጠንቀቂያ ነው።

የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች መዝገበ ቃላት የሕግ መጽሐፍ እንዳልሆነና ገጹም ውሱን እንደሆነ ሊከራከሩ ይችላሉ። ክርክራቸው ከፊል እውነት አለው። ሆኖም የሁለቱም ቅጂዎች ሥልጣን እኩል በሆነባት በካናዳ የደረሰው ነገር መልስ ይሰጣል። በ2004 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በወንጀል የተገኘ ንብረትን ስለ ማጠብ የሚናገረውን አንቀጽ ሲመረምር፣ እንግሊዝኛው በንብረቱ ላይ የሚደረግን ሌላ ማናቸውንም ተግባር የሚያቅፍ ጠቅላላ ሐረግ ሲኖረው፣ ፈረንሳይኛው የተዘረዘሩትን ድርጊቶች ብቻ እንደሚይዝ አገኘ። ፍርድ ቤቱም የሁለቱን የጋራ ፍች፣ ማለትም ጠባቡን፣ ተቀበለ፤ ተከሳሾቹም ነጻ ወጡ። ከአንዱ ጽሑፍ የጐደለ አንድ ሐረግ ፍርድን ወስኗል። በእኛ አገር በ1987 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 3 መሠረት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሚወጡ ሕጎች ላይ ልዩነት ሲገኝ የአማርኛው ጽሑፍ የበላይ ነው፤ ይህም የአማርኛ ተርጓሚን ኃላፊነት ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የወንጀል ሕግ ቃል በመዝገበ ቃላት ሲገባ የየትኛው አገር ሕግ ቃል እንደሆነ ይመልከት፤ «ፈረንሳይኛ» ማለት ብቻ የፓሪስን ከኦታዋ አይለይም። ሁለተኛ፣ አቻ ቃል ከመሰጠቱ በፊት የድርጊቱ፣ የሐሳብ ክፍሉና የቅጣቱ መጠን ይነጻጸሩ፤ ከሦስቱ አንዱ ከተለያየ ልዩነቱ በአጭር መግለጫ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ትክክለኛ አቻ በማይገኝበት ጊዜ የሚመስል ቃል ከማስገባት ይልቅ ጽንሰ ሐሳቡን በሐረግ መግለጽ ይመረጥ። ሐረግ መዝገቡን ያስረዝመው ይሆናል፤ የተሳሳተ አቻ ግን የሰውን እስራት ሊያስረዝም ይችላል።