በአንድ ጆንያ ሩዝ የተለወጠች ሕፃን
ስለ ጃፓኑ «ኦሺን» ቴያትር

በጃፓን አገር ኤን ኤች ኬ የተባለው የሕዝብ ማሠራጫ ድርጅት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከኤፕሪል 1983 እስከ ማርች 1984 ድረስ፣ በየማለዳው ሩብ ሰዓት ብቻ እየከፈለ ያሳየው «ኦሺን» የተባለው የቴሌቪዥን ቴያትር 297 ክፍል አለው። ከነዚህ ሁሉ ውስጥ የልጅቱን ሕፃንነት የሚናገሩት አርባ እንኳ አይሞሉም። ነገር ግን ያን ጊዜ ልጆች ሆነው ያዩት፣ ዛሬ ሽበት ያበቀሉት ተመልካቾች፣ በጃፓንም ሆነ በኢራን፣ «ኦሺን» ሲባል በዓይነ ሕሊናቸው የምትቆመው በበረዶ መካከል ሌላ ሕፃን ያዘለችው ሕፃን ናት። ኋላ ባለጠጋ ነጋዴ የሆነችውን ሴት አስቀድሞ የሚያነሣ ጥቂት ነው። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል፤ ለቴያትሩ በልማድ የሚሰጠው ምስጋና ዋናውን ነገር ይሸፍነዋልና።

የልማዱ ምስጋና ስለ ትዕግሥት ነው። ኦሺን ሁሉን ችላ፣ ሁሉን ታግሣ ለወግ ማዕረግ በቃች ይባላል፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን ሲገሥጹ ስሟን ይጠሩ ነበር። ታሪኩን በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኝበታል።

ኦሺን በያማጋታ አውራጃ የሚኖር የአንድ ጭሰኛ ልጅ ናት። ቤተ ሰቡ ሩዝ ያርሳል፣ ሩዝ ግን አይጠግብም፤ የሚበላው በነጭ ሥር ተክል የተደባለቀ ጥቂት ሩዝ ነው። 7 ዓመት ሲሆናት አባቷ ለአንድ ዓመት አገልግሎት በአንድ ጆንያ ሩዝ፣ ይኸውም 60 ኪሎ ያህል፣ ለእንጨት ነጋዴ ቤት ሊሰጣት ይስማማል። ልጅቱ በመጀመሪያ እንቢ አለች። ኋላ ግን እናቷ በክረምት ብርድ ወንዝ ውስጥ ገብታ ቆማ አየቻት። እናቲቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የሚወለደውን የምታበላው ስለሌላት ፅንሱን ልታስወርድ ነበር። ኦሺን ይህን ካየች በኋላ «እሄዳለሁ» አለች። እንግዲህ ልጅቱ የሄደችው ስለ ታገሠች አይደለም፤ ሒሳቡን ስለ ተረዳች ነው። በቤቱ ስንት አፍ እንዳለ፣ የራሷ አፍ ቢቀነስ ምን እንደሚተርፍ፣ ዋጋዋም ስንት ጆንያ እንደ ሆነ ዐወቀች። ሕፃን ዋጋውን ሲያውቅ ከማየት የሚከብድ ነገር በቴያትር ዓለም ብዙ አይገኝም።

በታንኳ ላይ ተቀምጣ እናቷን እየተጣራች ወንዙን የምትወርድበት ክፍል በሰፊው የታወቀ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ልጅቱን ሆና የተጫወተችው ኮባያሺ አያኮ ያን ጊዜ ገና የ10 ዓመት ልጅ ነበረች፤ እናቲቱን የሆነችው ኢዙሚ ፒንኮም ልቅሶዋን አብዝታ አላሳየችም። የትዕይንቱ ኃይል በዚህ ቁጥብነት ነው።

ይልቁን ሊታሰብ የሚገባው ቀጥሎ የሆነው ነው። በነጋዴው ቤት ኦሺን ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች፣ ሕፃን ታዝላለች፣ የሕፃኑን ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባለች። አያቷ በስንብት የሰጠቻት 50 ሴን የሚባል የብር ገንዘብ ነበራት። አንድ ቀን በቤቱ ይህን ያህል ገንዘብ ጠፋ፤ የሕፃኗም ብር ተገኘና ሌባ ተባለች፣ ገንዘቧም ተወሰደ። ኦሺን ድካሙን ሁሉ ችላ ነበር፤ ይህን ግን አልቻለችም። በበረዶ ማዕበል ውስጥ ብቻዋን ኮበለለች። ከሞት ያዳናት ሹንሳኩ የሚባል፣ ከሩስያና ከጃፓን ጦርነት በኋላ ሠራዊቱን ጥሎ በተራራ ላይ የተደበቀ ወታደር ነው። እርሱም ፊደል አስተማራት፣ አርሞኒካውን ሰጣት፤ ሰው ሰውን መግደል እንደማይገባው ነገራት፤ ኋላም በፊቷ በጥይት ተመታ። እንግዲህ በመላው ታሪክ ለልጅቱ ከሁሉ የበለጠውን ትምህርት የሰጣት ኰብላይ ለኰብላይ ሆኖ ነው። ኦሺንን የትዕግሥት ምሳሌ ብቻ አድርገው ለልጆቻቸው ያቀረቡ ወላጆች ይህን ክፍል እንዴት እንዳለፉት ያስገርማል።

ምሳሌ መፈለጉ በኢራን አገር እስከ ፍርድ ደረሰ። በጃንዋሪ 1989 የነቢዩ መሐመድ ልጅ የፋጢማ መታሰቢያ በሚከበርበት ጊዜ፣ አንዲት ሴት በራዲዮ ተጠይቃ ለዘመኗ ምሳሌ የምትሆናት ኦሺን እንደ ሆነች ተናገረች። አያቶላህ ሆመይኒ እጅግ ተቆጡ፤ የራዲዮው ኀላፊዎች ተፈረደባቸው፣ ኋላም ምሕረት ተደረገላቸው። ትልልቅ ሰዎች ከቴያትሩ አርአያ ፈልገው አገኙ። ልጆች ግን አርአያ አልፈለጉም። ልጅ ይህን ባየ ጊዜ ወደ እናቱ ዘወር ብሎ፣ «እኔንስ ትሰጪኝ ነበርን?» ብሎ በልቡ ይጠይቃል። ቴያትሩም በሐሰት አያባብለውም፤ የኦሺን እናት ልጇን እጅግ ትወዳለች፤ ልጅቱም ትሄዳለች።

ደራሲዋ ወይዘሮ ሀሺዳ ሱጋኮ (1925–2021) የኋለኛውን ክፍል በዚህ ልክ አልጻፉትም። የ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በሳጋ አገር የአማቲቱ ጭካኔ፣ በጦርነቱ የልጅዋ ሞት፣ ከሽንፈቱ በኋላ ባሏ ራሱን ማጥፋቱ፣ ሁሉም በተራ ይመጣል። የሳጋው ክፍል በተለይ ከመጠን በላይ የተጐተተ ነው፤ ክፋቱ ምክንያት እስኪያጣ ድረስ ይደጋገማል። በሕፃንነቱ ክፍል የሚያሳዝነው ነገር ሁሉ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነበር፤ አንድ ብር፣ አንድ አርሞኒካ፣ አንድ ጆንያ። በኋላኛው ግን መከራው ከጋዜጣ የተቀዳ ይመስላል። ይህም ሆኖ በጃፓን ተመልካቹ አልቀነሰም፤ አማካዩ ከመቶ 52.6 ሲሆን በኖቬምበር 1983 አንድ ቀን 62.9 ደርሷል።

አንድ ነገር ግን ለደራሲዋ ሊመሰገንላቸው ይገባል። ቴያትሩ የሚጀምረው በሕፃኒቱ አይደለም፤ 17ኛው መደብሯ በሚከፈትበት ቀን ከቤቷ በጠፋችው በአሮጊቷ ኦሺን ነው። ኦቶዋ ኖቡኮ የተጫወተቻት ይህች ባለጠጋ አሮጊት ወደ ተወለደችበት በረዷማ አገር ሄዳ፣ ሰው የለቀቀውን መንደር ትመለከታለች። እንግዲህ ልጆቹ ከመጀመሪያው ማለዳ አንሥቶ ሕፃኒቱ እንደማትሞት፣ እንደምትከብርም ያውቁ ነበር። በታንኳዋ ጊዜም ይህን እያወቁ አለቀሱ።