«የሴት ሆርሞን» የተሰኘውን አቻ ስንመረምረው

የአንድ ሙያዊ ቃል ትርጉም የሚመዘነው ለጆሮ በመቅለሉ ብቻ ሳይሆን፣ የተሰየመውን ነገር ከሌላው ለይቶ በማሳየቱ ጭምር ነው። ኤስትሮጅን ለተባለው ስቴሮይድ ሆርሞን በጤና ነክ ጽሑፎች የሚሰጠውን «የሴት ሆርሞን» የተሰኘ አቻ በዚህ ሚዛን ስናየው ጎድሎ እናገኘዋለን።

በመጀመሪያ፣ ስያሜው አይለይም። ፕሮጄስትሮንም በዚሁ ስም ስለሚጠራ፣ ሁለቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ ተርጓሚው መውጫ ያጣል። ኤስትሮጅን ራሱም የወል ስም ነው፤ በሥሩ ኤስትሮን፣ ኤስትራዲዮልና ኤስትሪዮል ይገኛሉ። በመውለጃ ዕድሜ ኤስትራዲዮል፣ በእርግዝና ጊዜ ኤስትሪዮል፣ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ኤስትሮን ጎልተው ይታያሉ። «ዲዮል» ሁለት፣ «ትሪዮል» ሦስት የሃይድሮክሲል ቡድኖች መኖራቸውን ያመለክታሉ። እነዚህን ቅጥያዎች የጣለ ትርጉም ዕውቀቱንም አብሮ ይጥላል።

ሁለተኛ፣ ስያሜው ያሳስታል። በርንሃርድ ዞንዴክ ይህ ሆርሞን በድንጉላ ፈረስ ሽንት ውስጥ በብዛት መገኘቱን እ.ኤ.አ. በ1934 አስታውቋል። በሰውም ቢሆን፣ አሮማቴዝ የተባለው ኤንዛይም በወንዱ አካል ውስጥ ቴስቶስትሮንን ወደ ኤስትራዲዮል ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የሕክምና ዘገባ፣ አካሉ ለኤስትሮጅን ምላሽ የማይሰጥ የ28 ዓመት ወንድ ቁመቱ መጨመሩን እንዳላቆመና የአጥንቱ እፍግታ ዝቅተኛ እንደ ነበረ ገልጿል። የአጥንትን ዕድገት በጊዜው የሚገታው፣ በወንድም በሴትም፣ ይኸው ሆርሞን ነውና። እንግዲህ «የሴት ሆርሞን ተገኘብህ» የተባለ ወንድ ጤናማውን ነገር እንደ በሽታ ቢቆጥረው ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የስያሜው ነው።

የውጭው ቃል እንኳ «ሴት» አይልም። መነሻው የግሪክኛው «ኦይስትሮስ» ሲሆን፣ ከብት የሚያስበረግግ ተናካሽ ዝንብን፣ ኋላም ብርቱ መነሣሣትን ያመለክታል፤ ወደ ሥነ ሕይወት የገባውም የእንስሳትን የስሪያ ፍላጎት ለመግለጽ ነው።

«የሴት ሆርሞን» ለተራው አንባቢ ቶሎ እንደሚገባ አንክድም። ሆኖም ቶሎ መግባትና በትክክል መግባት ይለያያሉ። ስለዚህ «ኤስትሮጅን» በስያሜነት እንዲጸና፣ በመጀመሪያ ሲጠቀስም «በሴት አካል በብዛት፣ በወንድም በመጠኑ የሚገኝ ሆርሞን» የሚል ማብራሪያ እንዲከተለው እናሳስባለን። ኢስትሮጅን፣ እስትሮጅን እያለ የሚዋልለው አጻጻፍም በአንድ መልክ ሊረጋ ይገባዋል።