እዚህ የሚተኛው ማን ነው?

በዚህች መጽሔታችን ስለ ግጥምና ስለ ልቦለድ ብዙ ተባብለናል። «ቅርጹ ያምራል፣ ይዘቱ ግን ባዶ ነው»፤ «ይዘቱ ጠንካራ ነው፣ ቅርጹ ግን ያነክሳል» እያልን ስንነታረክ ከርመናል። ዛሬ ያንኑ ክርክር ወደ ቤት ልወስደው ነው። ከሲሚንቶና ከድንጋይ ወደሚሠራው ቤት ማለቴ ነው። መጥፎ ግጥም ያጋጠመው አንባቢ ገጹን ገልብጦ ያልፋል። መጥፎ ቤት ያጋጠመው ነዋሪስ ምን ይገለብጣል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት፣ ጀርመን አገር የሚኖረው አጎቴ፣ ባለቤቱ፣ ሁለት ልጆቻቸውና እኔ በአንዲት መኪና ታጭቀን፣ የዝነኛውን አርክቴክት የሌኮርቡዚዬን ሥራዎች ልናይ ወደ ፈረንሳይ ተጓዝን። አጎቴ በወጣትነቱ ኪነ ሕንፃ ሊማር ተመኝቶ ሳይሆንለት የቀረ ሰው ነው። ስለዚህ ጉዞው ለሱ ሽርሽር ሳይሆን ስለት ማስገባት ነበር። ልጆቹ ግን የሚጠብቁት መጨረሻ ላይ ያለውን ባሕር ብቻ ነው።

መጀመሪያ የደረስነው ፓሪስ አጠገብ ፑዋሲ ነው። እዚያ ያለው ቪላ ሳቭዋ እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1931 የተሠራ ነው። ነጭ ሣጥን በቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ ተሰቅሏል፤ መስኮቱ እንደ መቀነት ከዳር እስከ ዳር ዞሯል፤ ጣሪያው ላይ የአትክልት ቦታ አለ። የምድር ቤቱ ግድግዳ የታጠፈው በመኪና መዞሪያ ልክ ነው። አጎቴ ይህን ሲያስረዳን ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ትንሿ ልጅ ግን ባዶዎቹን ክፍሎች አንድ በአንድ አይታ ስትመለስ፣ «አባዬ፣ እዚህ የሚተኛው ማን ነው?» አለችው። መልስ አልነበረንም። ማንም አይተኛበትም፤ ቤቱ ለጎብኚ ነው።

በበኩሌ ከዚያ የተሻለ ሂስ አልሰማሁም። ቤቱ የተሠራላቸው የሳቭዋ ቤተሰቦች ዝናብ እያፈሰሰባቸው ተማረዋል፤ እመቤቲቱ ለአርክቴክቱ የአቤቱታ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። በ1940 ጦርነቱ ሲመጣ ጥለውት ወጡ። ከዚያ ወታደር ሰፈረበት፤ በኋላም ለትምህርት ቤት ቦታ ይሁን ተብሎ ሊፈርስ ነበር። በስንት ክርክር ተርፎ፣ አርክቴክቱ በሞተበት በ1965 ዓመት በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ሆነ። በ2016 ደግሞ ከሌሎች ሥራዎቹ ጋር የዓለም ቅርስ ተባለ። ታዲያ እኛ በመጽሐፍ አይተን ያደነቅነው ፎቶግራፉን ነው። ፎቶግራፍ ደሞ አያፈስም።

«እንግዲያው ሰውዬው አታላይ ነው» ብሎ መደምደም ግን ሰነፍ ሐያሲነት ነው። ቀጥለን በስተምሥራቅ ወዳለው ሮንሻም ሄድን። ኮረብታው ላይ የነበረው የጥንቱ ጸሎት ቤት በ1944 በጦርነቱ ፈርሷል። ሌኮርቡዚዬ በ1955 የተጠናቀቀውን አዲሱን ጸሎት ቤት ሲሠራ የፈረሰውን ቤት ድንጋይ አልጣለውም፤ ግድግዳው ውስጥ መልሶ አስገባው። ወፍራሙ የደቡብ ግድግዳ ትልልቅና ትንንሽ መስኮቶች አሉት፤ ብርሃኑ በነሱ እየተጣራ ይገባል። ምን አለፋችሁ፣ መኪናው ውስጥ ሲጣሉ የዋሉት ልጆች እንኳ ዝም አሉ።

ከዚያ ወጥተን ወደ ደቡብ ስንነዳ፣ ሆዴ ውስጥ ይዤው የነበረውን ነገር ለአጎቴ ነገርኩት። በ1936፣ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዓመት፣ ይኸው ሰው ስለ አዲስ አበባ አዲስ የከተማ ንድፍ ስሎ ለሙሶሊኒ አቅርቦ ነበር። ንድፉ ነባሩን ከተማ እንደሌለ የቆጠረ ነው፤ ከተማው ላይ ሰፊ ጎዳና ሰንጥቆ ያልፋል። ጣሊያኖቹ አልተቀበሉትም፤ ወረቀት ላይ ቀረ። አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ነዳ። በኋላ፣ «ታዲያ እስካሁን ለምን ደበቅከኝ?» አለኝ።

እኔን የገረመኝ ሁለቱ ነገር ከአንድ እጅ መውጣቱ ነው። ሮንሻም ላይ የፈረሰ ድንጋይ ሳይቀር ቆጥሯል። አዲስ አበባ ላይ ግን በሕይወት ያለውን ሰው ቤት አላየም። ችሎታ ጎደለው አልልም፤ እርሳሱ ያው እርሳስ ነው። የጎደለው፣ እዚያ ሰው እንደሚተኛ መቁጠር ነው።

መጨረሻ ማርሴይ ገባን። ዩኒቴ ዳቢታስዮን የሚባለው ግዙፍ ሕንፃ በ1952 የተጠናቀቀ፣ ጦርነቱ ቤት አልባ ላደረጋቸው ሰዎች የታሰበ፣ 337 መኖሪያዎች የያዘ ነው። የከተማው ሰው «የእብዱ ቤት» ብሎታል። የክፍሎቹ ከፍታ 2.26 ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ረጅም ሰው እጁን ሲዘረጋ የሚደርስበት ልክ ነው ተብሎ። እኔ ጠበበኝ። የአጎቴ ባለቤት ግን ለጎብኚ በተከፈተው ቤት ኩሽናው ውስጥ ቆማ ሳሎኑን አየችና፣ «ወጥ እየሠራሁ ልጆቼን አያለሁ ማለት ነው» አለች። በጉዟችን ሁሉ የተናገረችው የመጀመሪያ ምስጋና ይህ ነው። ስንመለስ ሊፍት ውስጥ የገበያ ዘንቢል የያዙ አሮጊት ገቡ፤ መሐል ላይ ወረዱ፤ ቁልፋቸውን አወጡ። ትንሿ ልጅ ጥያቄዋን አልደገመችም።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ይህን ሁሉ ያወራሁት አገር አይቼ መጣሁ ለማለት አይደለም። በኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ፣ እኛም በካፌው ጠረጴዛ ዙሪያ የተከራከርነው የሚመጣው ያምራል፣ አያምርም እያልን ነበር። እኔም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። እዚያ ይተኛ የነበረው ሰው የት ገባ ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ የሰባት ዓመት ልጅ ማስተማር ነበረባት። ተቃውሞ ያለው ይጻፍ፤ በሚቀጥለው እትም እንገናኝ።