የቡና ቅጠል አሻራ፦ ጥሩ ሥራ በምን ይታወቃል?

በሸካ፣ በጌጫና በቴፒ አካባቢ የቡና ቅጠል ጨሞ የሚባል መጠጥ ነው። ምጣድ ላይ ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ ከቅመም ጋር ይፈላል። የአውሮፓ ኅብረትም የቡና ቅጠል መጠጥ ገበያው እንዲገባ በ2020 እ.ኤ.አ. ፈቅዷል። ቅጠሉ ከጓሮ ወጥቶ ሸቀጥ ሲሆን ምንነቱን የሚመሰክርለት ውህዶችን የሚለያየው ዘዴ፣ ክሮማቶግራፊ ነው፤ ምስክርነቱ ግን እንደ ሠሪው እጅ ይለያያል።

መጀመሪያ የሠሪውን ማስታወሻ ደብተር ይዩ። ካፌይን በለጋ ቅጠል ይበዛል፣ ቅጠሉ ሲያረጅ ይቀንሳል። ስለዚህ ዛፉ፣ የቅጠሉ ዕድሜ፣ ጥላውና የተለቀመበት ቀን ካልተጻፉ የቀረው ልፋት ከንቱ ነው።

ቀጥሎ አደራረቁን። እንደ ጌጫ ዝናብ በሚበዛበት አገር ቀስ ብሎ የደረቀ ቅጠል ይጠቁራል፤ ኢንዛይሞቹ ፖሊፌኖሎቹን ለውጠዋቸዋል ማለት ነው። በደንብ የደረቀው አረንጓዴነቱን ይይዛል።

ከዚያ አሟሚውን። ሄክሴን ሰሙንና ቅባቱን ያወጣል፤ ከውኃ ጋር የተቀላቀለ ሜታኖል ካፌይኑን፣ ክሎሮጀኒክ አሲዱንና ማንጊፈሪኑን ይስባል። ይሁን እንጂ ጨሞ በሜታኖል አይፈላም። ስለሚጠጣው ነገር መናገር የሚፈልግ ሰው በፈላ ውኃም ማውጣት አለበት። ጎበዝ ሠሪ ቅጠሉን በአሟሚው ደጋግሞ አጥቦ የመጨረሻውን እጥበት ለብቻው ይመረምራል፤ ምንም ካልታየበት ቅጠሉ ያለውን ሰጥቶ ጨርሷል።

አሁን ክሮማቶግራሙን፣ ማለትም ዘዴው የሚያወጣውን የቅጠሉን አሻራ፣ ያንብቡ። ዘዴው ራሱ ከቅጠል የተወለደ ነው፤ ሩሲያዊው ሚኻኢል ጽቬት የቅጠል ቀለማትን በጠመኔ ዱቄት ለያይቶ በ1906 እ.ኤ.አ. ስሙን አወጣለት። የክሮማቶግራሙ የመሠረት መስመር የተስተካከለ፣ ውህዶቹን የሚያሳዩት ጉብታዎች (ፒኮቹ) ቀጫጭንና ጅራት የሌላቸው መሆን አለባቸው። አንድ ፒክ ሲወጣና ሲወርድ የብርሃን አሻራው ከተለያየ ሁለት ውህዶች ተደራርበዋል። የተነበበበትን የሞገድ ርዝመትም ይጠይቁ፦ ክሎሮጀኒክ አሲድ 325፣ ካፌይን 273 ናኖሜትር አካባቢ ይጎላሉ። በ325 ብቻ የተነሣ አሻራ ካፌይን የለም ለማለት አያበቃም።

በመጨረሻ ድግግሞሹን ይመርምሩ። አንዱን ብልቃጥ ሦስት ጊዜ ማስገባት የሚያረጋግጠው የመሣሪያውን ጽናት ነው። ስለ ጌጫ ቡና መመስከር የሚችሉት በየማሳው የቆሙ የተለያዩ ዛፎች ናቸው። ከአንድ ዛፍ የመጣ አሻራ የቱንም ያህል ቢያምር የዚያ ዛፍ ነው፤ የአገር ስም አይሰጠው።