ስለ «ሳይኮኖትስ 2» መዋጮ

«ሳይኮኖትስ» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ ተቺዎች አመሰገኑት፤ ገበያው ግን ፊቱን አዞረበት። ቲም ሼፈርና «ደብል ፋይን» የተባለው ድርጅቱ ተከታዩን ለመሥራት በ2015 መጨረሻ «ፊግ» በተባለው የመዋጮ መድረክ ወደ ሕዝብ ዞሩ፤ 3.3 ሚሊዮን ዶላር ጠይቀው 3.8 ሚሊዮን ያህል አገኙ።

ይህ እንደ ድል ተወራ። እኛ ሒሳቡን ብንመረምር ግን ችግሩን ከዚሁ ከድሉ ውስጥ አገኘነው። የተዋጣው ገንዘብ ሥራውን አይፈጽምምና በ2017 «ስታርብሪዝ» 8 ሚሊዮን ጨመረ፤ እርሱም ገንዘብ ሲያጥረው የማሳተም መብቱን በ2019 ለማይክሮሶፍት በ13.2 ሚሊዮን ሸጠ። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት «ደብል ፋይን»ን ራሱን ጠቅልሎ ገዛው። ለ2018 የታሰበው ጨዋታ የወጣው በኦገስት 2021 ነው።

ዘመቻው ሌላ ገንዘብ እንደሚጨመርበት አልደበቀም፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ሆኖም የማይበቃን ቁጥር «ግብ» ብሎ መሰየም፣ ሲሞላ ሥራው ያለቀለት ያስመስላል። ተከታይ ሥራ ደግሞ መዋጮ ለመጠየቅ ይቀላል፤ ለመፈጸም ግን ይከብዳል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሰጪ የሚጠብቀው በልቡ ያኖረውን የፊተኛውን ጨዋታ ነው። ገንዘቡ ሲሳሳ ከዋና ጠላቶች ጋር የሚደረጉት ፍልሚያዎች ተቆርጠው ነበር፤ የተመለሱት ከግዢው በኋላ መሆኑን ሼፈር ራሱ ተናግሯል።

ጨዋታው መልካም ነው፤ ለፕሌይስቴሽን 4 የተገባውም ቃል አልታጠፈም። ነገር ግን ነጻ ሠሪን ለመደገፍ ኪሱን የፈታው ሰው፣ ሠሪው ሲሸጥ ድምፅ አልነበረውም። በእቁብ እንኳ ዳኛው ይጠየቃል።